የአስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ዘፈን

የባሩድ ሽታ ከኮቴ አልለቀቀም። ሦስት ቀን ሆነው። ልጄ ሕሊና ላውንደሪ ልትወስደው ብላ ስታነሳው ከእጇ ነጠቅኳት፤ ገረማት። ምን ልበላት? ሽታው ሲለቅ ንዴቴም አብሮ የሚለቅ መስሎኝ ፈራሁ። ድሮ ንዴት ቶሎ ይመጣብኝ፣ ቶሎ ይሄድልኝ ነበር። አሁን እንደ ጉልበት ሕመም ነው፤ ገብቶ ይቀመጣል። ስልኬም ሦስት ቀን አልጮኸም። ከማኅበራችን ሰዎች አንድ እንኳ አልደወለልኝም፤ ለምን እንዳልደወሉ ኋላ ትደርሱበታላችሁ። ኮቱ እዚህ ኮሎራዶ፣ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሠፈር ባለው የልጄ ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እኔም ከፊቱ ወንበር ስቤ ይህን እጽፋለሁ።

ነገሩ የርችት ውድድር ነው። ርችት ይወዳደራል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር፤ ግን ይወዳደራል። ከየአገሩ የመጡ ባለሙያዎች ኦሮራ ከተማ ያለው ሐይቅ ላይ ተንሳፋፊ መድረክ ይዘረጉና ሙዚቃ እየተከፈተ ርችቱን በምቱ ልክ ወደ ሰማይ ይለቁታል። ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። አምና በድርቁና በነፋሱ ምክንያት ተከልክሎ ነበር፤ ዘንድሮ ዝናቡ ሲደጋግም ተፈቀደ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ቡድን ራሱ ከመረጠው ሙዚቃ ሌላ በዕጣ የሚደርሰው አንድ ዘፈን አለ፤ ዘፈኑም እዚሁ ከተማ ከሚኖሩ የውጭ ተወላጆች የተሰበሰበ ነው። ሕሊና ከአዘጋጆቹ ጋር በነጻ ታገለግላለች። በጋው ሳይገባ አንድ እሑድ መጥታ፣ "አባዬ፣ ዊ ኒድ ኤ ሶንግ። ያን የድሮ ካሴትህን ስጠኝ፣ የአውቶቡሱን" አለችኝ። ልጄ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ያንን ዘፈን ግን ቆማ መሄድ ሳትጀምር ነው የሰማችው። ከነሣጥኑ ሰጠኋት። የሟቹን የጓደኛዬን የሀብቶምን ዘፈን ሰማይ ላይ ሊተኩሱት ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ያልደወልኩለት ሰው የለም። መጀመሪያ የደወልኩት ግን ለለተብርሃን ነው። የሀብቶም ሚስት ናት፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሠፈር፣ ያው የድሮው አፓርትማ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች።

"ስሙን ይጠሩታል?" አለችኝ።

"እንዴት አይጠሩትም" አልኳት።

ይህችን መልሴን ያዙልኝ።

ሀብቶምን ያወቅኩት ኮልፋክስ መንገድ ላይ ነው። ያኔ ኤርፖርቱ ገና ከተማው መሐል ነበር፤ አውሮፕላን ጣራችንን ሊነካ እየደረሰ ያልፋል፣ የወጥ ማማሰያው ከነብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። ሁለት መኝታ ቤት ለአምስት ወንዶች ተከራይተን ነበር። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር በታች ነው። የአሮጌ ልብስ መሸጫው ጥግ ላይ ስለነበር ሁላችንም የሞተ ሰው ኮት ነው የምንለብሰው፤ ትከሻው እስከ ክንድ የሚወርድ፣ ቁልፉ ሁለት ረድፍ የሆነ። እኔ ዳውንታውን የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ሀብቶም ታክሲ ይነዳል። አስመራ ተወልዶ አማርኛ የተማረ ሰው ነው፤ አማርኛው ከኔ ከጎጃሜው ይበልጥ ነበር። ግጥም ሲያወራ ሰው ወንበሩን ይዞ ይጠጋዋል። ቡኒ የቆዳ ጃኬት ነበረችው፤ በበጋም አያወልቃትም። "ኪሷ ውስጥ ዜማ አለ፣ ካወለቅኩ ይወድቅብኛል" ይል ነበር።

አንድ ሰሞን ታክሲው ተበላሸበትና አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈረ። ኮልፋክስን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው ማለት ነው። እዚያ ላይ ለተብርሃንን አየ። ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፤ ከካፖርቷ ሥር የሥራ ሰማያዊ ቀሚሷ ይታያል፣ ነጭ ስኒከር፣ ጭኗ ላይ የምሳ ዕቃ። ዞር ብላም አላየችውም። ታክሲው በሦስተኛው ቀን ተሠራለት። ሰውየው ግን ሁለት ወር ሙሉ ታክሲውን ፓርክ እያደረገ አውቶቡስ ተሳፈረ። ብር እያሳደደ ሊሠራ ሲገባው ሳንቲሙን የአውቶቡሱ መክፈያ ሣጥን ውስጥ እየጣለ ከኋላዋ ይቀመጣል። ስቀንበታል፤ ዘመዶቹም ተቆጡት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ዘፈኑን ይዞ መጣ። ዘፈኑ ፌርማታዎቹን አንድ በአንድ ይጠራል፤ በየፌርማታው አትውረጂ፣ አትውረጂ እያለ ይለምናል። መሐሉ ላይ ሁሉም መሣሪያ ጸጥ ይልና እሱ ብቻውን ይቀራል፦ እሷ ወርዳ ወንበሯ ባዶ የቀረበት ቦታ ነው። ቀጥሎ ምቱ ተመልሶ ሲገባ በሠርግ ቤት ሽማግሌ የማያስቀምጥ ዘፈን ነበር።

የቀዳነው ማክሰኞ ጠዋት፣ ልብስ የሚሰቀልበት ጠባብ ጓዳ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ካፖርቶቻችንን ሰቅለን ድምፅ እንዳያስተጋባ አደረግን። መቅጃውን ያዋሱን የጴንጤዎቹ መዘምራን ናቸው፤ ለሠርግ ነው ብለናቸው፣ ለሠርግ ከሆነ ይሁን ብለው፣ ጸልየውበት ሰጡን። ኪቦርዱ የኔ ነው። ከበሮውን በሻንጣ መታን። እሱ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ላይ አንድ አውሮፕላን ከላያችን አለፈ። እንደገና እንቅዳው ስለው፣ "ተወው፣ እሱም መንገደኛ ነው" አለኝ። ስለዚህ በካሴቱ ላይ አውሮፕላኑ አለ። ሽፋኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አገር ቤት ጽሕፈት ቤት ስሠራ ኃላፊዎቹ የክብር ወረቀት የሚያስጽፉት እኔን ነበር፤ እጄ ይታወቃል። ሀብቶም በዚያች ቡኒ ጃኬቱ ታክሲውን ተደግፎ የተነሳው ፎቶ፣ ከሥሩ ስሙ በትልቁ። ኮልፋክስ ላይ ካለ ሱቅ በአምስት ዶላር ይሸጥ ጀመር። በዚያው ዓመት ለተብርሃንን አገባት።

እንግዲህ ወደ ሐይቁ ልመለስ፣ ደሜ ይፍላ። ፓርኪንጉ ሠላሳ ዶላር ነው። ሠላሳ ዶላር! ዕድሜዬን ፓርኪንግ ስቆርጥ የኖርኩ ሰውዬ ዋጋውን ሳየው ትኬት የሚቆርጠውን ልጅ ወርጄ ልሰድበው ነበር፤ ይዣት የመጣሁት ለተብርሃን፣ ለተ ነው የምንላት፣ ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ። ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከኋላችን የማኅበራችን ሰዎች ሁለት ረድፍ ሞልተዋል። ኮፍያ፣ ብርድ ልብስ፣ ቆሎ በፌስታል። ጸሐይዋ ከተራሮቹ ጀርባ ገና እንደገባች የመጀመሪያው ቡድን ጀመረ፤ የጃፓን ነው፣ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። እኔ ግን የምጠብቀው የፖርቱጋሎቹን ነበር፤ የኛ ዘፈን በዕጣ የደረሳቸው እነሱ ናቸው። ፈርቼ ነበር። ፈረንጅ ችክችካ ላይ አጨብጭብ ስትለው አንድ ምት ቀድሞ ወይ አንድ ምት ዘግይቶ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በሠርግ ቤት አይቼዋለሁ። ሰማዩንም እንዲሁ ያጨማልቁታል ብዬ ለመናደድ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት።

አላጨማለቁትም። የሀብቶም ድምፅ ከዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ ሲወጣ ውሃው ላይ ሄዶ ተመለሰ። ርችቱ ስድስቱን ምት አንድ በአንድ፣ ልክ በልኩ ረገጠው። ከኋላዬ እልልታው ቀለጠ። ፌርማታዎቹን ሲጠራ በየፌርማታው አንዲት ቢጫ መብራት ትወጣና ትጠፋለች፤ ያ ፖርቱጋላዊ ግጥሙን አስተርጉሞ ነው መሰለኝ። ከዚያ ያቺ ቦታ ደረሰች። መሣሪያው ጸጥ ሲል ሰማዩንም አጠፉት። አንዲት ብልጭታ የለም። ጨለማ፣ ባሩድ፣ የሀብቶም ድምፅ ብቻ። አውሮፕላኑም በካሴቱ ውስጥ አለፈ፤ ሕዝቡ ሁሉ አውሮፕላን ፍለጋ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ለተ አላንጋጠጠችም። ዓይኗን ጨፍና ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም፤ ምቱ ተመልሶ ሲገባና ሰማዩ ሲፈነዳ እያለቀስኩ ነበር።

ቀጥሎ አስተዋዋቂው አፉን ከፈተ። "ኤ ትራዲሽናል ፎክ ሜሎዲ ፍሮም ኢትዮጵያ" አለ፤ "ኮምፖዘር አንኖውን።" ሰው አጨበጨበ።

የለተ እንግሊዝኛ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው፤ አንሶላ፣ ፎጣ፣ ቁልፍ። ወደኔ ዞር ብላ፣ "ስሙን ጠራው?" አለችኝ።

"ቆይ" ብያት ተነሳሁ። ጉልበቴን ረሳሁት። የሕዝብ ዜማ! የኮልፋክስ አውቶቡስ ከነቁጥሩ የተጠራበት የሕዝብ ዜማ የት አገር ነው ያለው? የትኛው ባላገር ነው በአስራ አምስት ቁጥር ተሳፍሮ ሚስት የፈለገ? ይህ ሰው ሁለት ወር እንጀራውን ትቶ የሠራው ዘፈን ነው። በዚያች የልብስ ጓዳ ውስጥ በላብ ተጠምቀን የቀዳነው ነው። የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ ማለት ይህ ነው፤ ፖርቱጋሎቹ ይጨበጨብላቸዋል፣ ባለቤቱ አይታወቅም ይባላል። ወንበር እየገፋሁ፣ ይቅርታም ሳልጠይቅ፣ ሕሊናን ድንኳኑ ጥግ ላይ አገኘኋት። ቢጫ ሰደርያ ለብሳ ሬዲዮ ይዛ ቆማለች።

"ማን ነው ትራዲሽናል ብሎ የጻፈው?" አልኳት።

"እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ? በሀብቶም እጅ ያደግሽው ልጅ?"

"አባዬ፣ ካልም ዳውን። ፎርሙ ኮምፖዘሩ ማነው ይላል። ደውዬ ስጠይቅህ ዶክተር ጋ ነበርክ። ካሴቱ ላይ አለልሽ፣ እዚያ ያለውን ጻፊ አልከኝ። ሶ ከቨሩን ፎቶ አነሳሁና ትራንስሌት አደረግኩት፤ ሀብቶም የዘፈነው እንጂ የደረሰው አልመሰለኝም።"

"ካሴቱ ላይ ያለው ሀብቶም ነው።"

"ኖ፣ አባዬ" አለችና ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየችኝ።

ቢጫ ወረቀት ነው። ፎቶ የለውም። "ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ" ይላል። ጽሑፉ ውብ ነው፤ መስመሩን የጠበቀ፣ የፊደሉ ሁሉ ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ የጎበጠ። እንዲህ የሚጽፍ እጅ በኮሎራዶ አንድ ብቻ ነው ያለው። የኔ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። ረስቼው ነበር። ብምልላችሁ አታምኑኝም፣ አትመኑኝ። ያ ክፉ ወሬ ከወዲያ የመጣበት ዓመት ነው፤ ሁለቱ መንግሥታት፣ የሀብቶም አገርና የኛ፣ ተጣልተው እኛ እዚህ ኮልፋክስ ላይ በአንድ ገበታ የበላን ሰዎች ሰላምታ የተነፋፈግንበት። መንገድ የሚሻገር ነበር፣ ፊት ለፊት ላለመገናኘት። ባለሱቁ አንድ ቀን፣ "በቀለ፣ ካሴቱ እንደ ድሮው አይሄድም። ያነሱትና ስሙን ሲያዩ መልሰው ያስቀምጡታል" አለኝ። ልብ በሉ፣ ቀይረው አላለኝም። ማንም አላዘዘኝም። እኔው ነኝ ቤቴ ሄጄ ብዕሬን ያወጣሁት። ዘፈኑ እንዳይሞት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ፎቶውን አወጣሁ፣ ስሙን አወጣሁ፣ የሕዝብ ብዬ ጻፍኩበት፣ አባዝቼ ለባለሱቁ ሰጠሁት። ካሴቱም ሄደ። በየሠርጉ ተዘፈነ፤ ስሙን ላለመስማት መንገድ የሚሻገሩት ሰዎች በዘፈኑ ትከሻቸውን ሰበቁ። ለሀብቶም አልነገርኩትም።

አንድ ቅዳሜ ሀብቶም ለበርበሬ ሱቁ ገባ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ካሴቱን አነሳ፣ አገላበጠ፣ አነበበ። ያችን ጃኬቱን ለብሶ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ "ጽሑፍህ ያምራል" አለኝ። ለአንዱ ካሴት አምስት ዶላሩን ከፍሎ ወጣ፤ በርበሬውን ረሳው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት ዘፍኖ አያውቅም። ማይክ ሲሰጡት ጉሮሮዬን አሞኛል ይላል። ጓደኝነታችን አልተቋረጠም፤ ይህ ነው ዛሬ የሚያቃጥለኝ። ክርስትና አብረን በላን፣ ለቀብር ሌክውድ ድረስ አብረን ሄድን፣ በመጨረሻም ኩላሊቱ ሲደክም ዲያሊሲስ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ አላነሳውም። እኔም ዝምታውን ይቅርታ ነው ብዬ ተረጎምኩትና ተመቸኝ፤ እየተመቸኝ ሲሄድ ረሳሁት።

"አባዬ፣ ሊስን" አለችኝ ሕሊና። "ነገ መዝጊያው ነው። ያሸነፈው ሾው ይደገማል፣ የኛ ኢዝ ጎይንግ ቱ ዊን፣ ዳኞቹ አብደዋል። ዛሬ ኮሬክሽን ካስገባህ ነገ ስሙን ያነቡታል። ግን ካሴቱ ሌላ ስለሚል ማን እንደቀየረው መጻፍ አለብህ። እነሱ የሚያነቡት አንተ የጻፍከውን ነው።"

ወደ ኋላ አየሁ። የማኅበራችን ሁለት ረድፍ ቆሎውን እየተቀባበለ ይስቃል። ስድስት ዓመት ሊቀመንበራቸው የነበርኩ ነኝ። የሁለቱን ወገን ሰዎች አስታራቂ እየተባልኩ ስንት ቤት ገብቻለሁ፤ ስንቱን ይቅር ተባባሉ ብዬ ገሥጫለሁ። "እናስብበታለን" አልኳት ልጄን። ይህን ስል ያየችኝ አስተያየት ከፊቴ አይጠፋም። ሬዲዮዋን ይዛ ሄደች።

ለተ ወንበሯን አጥፋ ቆማ ጠበቀችኝ። "ምን አለ ሰውየው?" አለችኝ።

"የሕዝብ ነው አለ።"

ራሷን ነቀነቀች። አልተገረመችም። ወደ መኪናው ሄድን፤ አቧራው፣ የመኪናው ጩኸት፣ መንገድ ልለፍ የሚለው ሁሉ አናዶኝ ነበር። የተናደድኩት ግን በእነሱ እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። መኪናው ጋ ስንደርስ ቆመች።

"በቀለ፣ እኔ ርችት ለማየት አልመጣሁም" አለችኝ። "ርችት ከመስኮቴ አያለሁ፤ የሠፈራችን ልጆች በጋውን ሙሉ ሲተኩሱ ነው። እንዴት አይጠሩትም ስትለኝ፣ እንግዲያው አስተካክሎታል ማለት ነው ብዬ ነው ጸጉሬን የተሠራሁት።"

"ታውቂ ነበር?"

"ያን ቀን የገዛው ካሴት ከታክሲው ኪስ ወጥቶ አያውቅም። እሱ ሲሞት ወደኔ መጣ።"

ቦርሳዋን ከፍታ አወጣችው። ያ ቢጫ ወረቀት፣ ጸሐይ በልቶት ነጭ ሊሆን የደረሰ። የሆቴል ስም ያለበት እስኪርቢቶም አውጥታ ከላዩ ላይ አደረገችልኝ።

በማግሥቱ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁና ወደዚህ ልመለስ። አስተዋዋቂው ስሙን ሁለት ጊዜ ተሰናክሎበት አነበበው። ቀጥሎ ማን እንዳጠፋው አነበበ፤ እኔ በጻፍኩት ቃል፣ ሳይቀንስ። ለተ ከጎኔ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ከኋላዬ ሁለቱ ረድፍ ዝም አለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ነው። አንዳንዶቹ ለሀብቶም ተናደው ነው። አንዳንዶቹ ግን፣ አውቃቸዋለሁ፣ ስሙን መልሼ በመጥራቴ ነው የተናደዱት፤ በእነዚህ እኔም እጥፍ ተናድጄባቸዋለሁ። ይሁን። ያ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ከዚያ መብራት ሥር የሆነው ነው።

ወረቀቱን ከካሴቱ አውጥቼ የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋሁት። ኮፈኑ ገና ትኩስ ነበር። የሕዝብ የሚለውን ሰረዝኩ። "ሀብቶም" ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። እጄ ከሁለት ዓመት ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሎቹ ወደ ላይ ወጡ፣ ወደ ታች ወረዱ፣ የመጨረሻዋ ከወረቀቱ ልትወድቅ ደረሰች። ከሥሩ፣ "ስሙን ያጠፋሁት እኔ በቀለ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። ሕሊና መቼ እንደመጣች አላየሁም፤ ከትከሻዬ በላይ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ለተ ወረቀቱን ተቀብላ መነጽሯን አደረገች። ወደ መብራቱ አስጠግታ ብዙ ቆየችበት።

"አያምርም" አለች። "ግን ይነበባል።"